ከስሙ በፊት የጊታሩን ሆድ ያሳዩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቅርቡ ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ አሮጌ የማርቲን (የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ) አኮስቲክ ጊታር ገዛሁ። ፊቱም ጀርባውም ጥቁር ቡናማ ነው። ውስጡ 0-17 የሚል ማኅተም፣ ከሥሩ ደግሞ በ66 የሚጀምር ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አለ። የአሮጌ ጊታር ወዳጆች በሚገናኙበት ቦታ «ብርቅ የ1930ዎቹ ማርቲን» ብዬ ሦስት ፎቶ ለጠፍኩ። አንዱ «ብርቅ አይደለም» አለኝ። ሌላው «ቀለሙ እንደገና ተቀብቷል» አለ። ሦስተኛው በውስጥ መስመር «600 ዶላር ዛሬውኑ ልላክልህ» ብሎ ጻፈ። ፊቱን ከጭረት ከሚጠብቀው ስስ ሽፋን፣ ከፒክጋርዱ፣ ጎን ስንጥቅ አለበት፣ መቃኛዎቹም ዝገዋል። አስወልውዬ፣ መቃኛዎቹን ቀይሬ፣ አዲስ ክር አድርጌ እንደገና ላሳየው ወይ? በኋላ አዲስ አበባ ላለው ጊታር ተጫዋች ወንድሜ ልልክለትም አስቤአለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መወልወያውን ያስቀምጡት። መቃኛዎቹንም አይንኩ፤ አዲሱ ክር ይቆይ። ሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር የነገሩዎት በሦስት ፎቶ ከዚያ የተሻለ ማለት ስለማይቻል ነው። እርስዎ ሊያደርጉት ያሰቡት ደግሞ ለጥያቄዎቻቸው መልስ የሚሆነውን ነገር ከጊታሩ ላይ ጠርጎ የሚያጠፋ ነው። ቀለሙ የፋብሪካው ይሁን የሌላ ሰው የሚታወቀው ከእድፉ፣ በደቃቁ ከተሰነጣጠቀው የእንጨት ቅብ (ላከር) እና የተጫዋች ክንድ ከበላው ቦታ ነው። የቤት ዕቃ ማብረቂያ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን አለበት፤ ሲሊኮን በስንጥቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ሙጫም ላከርም አልይዝ ይላል። ጠጋኙ ስንጥቁን ሊያጣብቅ ሲሞክር የሚቸገረው በዚህ ነው። ከዝገቱ ሥር ያሉት መቃኛዎችም ቢሆኑ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ ከአዲሶቹ ይበልጥ ዋጋ አላቸው። አዲሶቹን ለመግጠም የሚበሳው ቀዳዳ ደግሞ ቢደፈንም ዱካው አይጠፋም። ለጊዜው የሚፈቀደው ደረቅና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አቧራውን ማራገፍ፣ በቃ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እድለኛ ነዎት። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ማርቲን ከ1898 ጀምሮ ጊታሮቹን በተከታታይ ቁጥር ሲያትም ቆይቷል፤ ከ1930 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ የሞዴሉን ስም ከቁጥሩ በላይ ይጨምራል። የ1936 የመጨረሻ ቁጥር 65176 ነው፣ የ1937 ደግሞ 68865። ስለዚህ በ66 የሚጀምር ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር የ1937 ነው፤ ይህ የማንም አስተያየት አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለታተመበት እንጨት ብቻ ነው። ፊቱ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚያዙበት እንጨት)፣ መቃኛዎቹና ቀለሙ ከዚያው ዓመት መሆናቸውን አይመሰክርም። የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ብርቅ አይደለም» ያለዎት ሰው ትክክል ነው፤ አይቀየሙት። 0-17 ፊቱም ጀርባውም ጎኑም ማሆጋኒ የሆነ፣ ጌጥ የሌለው፣ ማርቲን በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በርካሽ ዋጋ በብዛት ያወጣው ጊታር ነው። ዛሬ ሰው የሚፈልገው በድምፁ ነው፤ ደረቅ ያለ፣ ፈጥኖ የሚመልስ፣ ለጣትም ለፒክም የሚመች ድምፅ አለው። ብርቅነት ካለው ያለው በሞዴሉ ሳይሆን በይዞታው ነው። ላከሩ ያልተነካ፣ ብሪጁ ያልተፋቀ፣ የቀበቶ ወይም የፒክአፕ (የኤሌክትሪክ ድምፅ ማንሻ) ቀዳዳ ያልተበሳበት የ1937 ማርቲን በየቀኑ አይገኝም። እንግዲህ «ብርቅ» የሚለውን ከርዕሱ ላይ ያውጡትና «ማርቲን 0-17፣ 1937፣ ያልተነካ ይሆን?» ብለው ይጻፉ። የሚያውቁ ሰዎች ለዚህኛው ርዕስ ቆም ብለው ያያሉ።

ለፎቶው ከሁሉ የሚሻለው ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ትልቅ መስኮት ነው። ፍላሽ አይጠቀሙ። ላከር ላይ ሲያርፍ ነጭ ነጠብጣብ ይሠራና ጭረቱን ሁሉ ይውጠዋል። ስልኩን አስጠግተው ካነሱት ሰፊው ሌንስ የጊታሩን ቅርጽ ያጎብጠዋል፣ የሚያየው ሰውም «ይህ የማርቲን ቅርጽ አይደለም» ይላል። ሁለት ሜትር ያህል ይራቁና በሁለት እጥፍ ያቅርቡ። ሥሩ ግራጫ ወይም ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ሙሉ ፊት፣ ሙሉ ጀርባ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ የጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት) ፊትና ጀርባ፣ አንገቱ ከሳጥኑ የሚገናኝበት ተረከዝ፣ ብሪጁ ከላይና ከጎን፤ እነዚህ ሳይሟሉ ሌላውን አይለጥፉ። መቃኛዎቹን ቅርብ አድርገው ያንሱ፤ ከብረቱ ዳር ሌላ የብሎን ቀዳዳ ወይም የሌላ መቃኛ ጥላ ካለ አንድ ጊዜ ተቀይረዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ሆዱ ይግቡ። ክሮቹን ሁሉ በእኩል ላላ ያድርጉ እንጂ ክሩን ብሪጁ ላይ የሚይዙትን ትንንሽ ካስማዎች በጉጠት አይንቀሉ፤ አርጅተዋልና አንገታቸው ይሰበራል። ስልኩን ራሱን በድምፅ ቀዳዳው ማስገባት አይሞከር። ከስልክ ጋር የሚያያዝ ቀጭን የኢንዶስኮፕ ካሜራ፣ ካልሆነም የጥርስ ሐኪም የሚይዘው ዓይነት መስታወትና ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። በመስታወት ያነሱት ፎቶ ግልብጥ ስለሚሆን ከሥሩ «በመስታወት» ብለው ይጻፉ። የሚፈለጉት አራት ቦታዎች ናቸው። ቁጥሩ የታተመበት እንጨት፣ በጀርባው መሐል የሚሮጠው ቀጭን እንጨት ላይ ያለው የማርቲን ማኅተም፣ ከፊቱ ሥር የተጋደሙት ደጋፊ እንጨቶችና ከብሪጁ ሥር በውስጥ በኩል የተለጠፈው ጠፍጣፋ እንጨት። በዚያ ዘመን ይህ ጠፍጣፋ እንጨት ትንሽና ቀጭን ሜፕል ነበር። ሰፊ ሮዝውድ ካዩ ተቀይሯል፤ ድምፁም ከድሮው ይከብዳል። የክሩ ጫፍ የሚይዝባቸው ቀዳዳዎች ተበልተው ሰፍተው እንደሆነም ይህ ፎቶ ያሳያል። አዲስ ክር ሲገባ ብሪጁን የሚገነጥለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ስለሆነ ዝም ብለው አይለፉት።

«ቀለሙ ተቀብቷል» ለሚለው በቃል አይመልሱ፣ ያሳዩ እንጂ። የእጅ ባትሪ ከፊቱ ጋር በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን ይያዙና በብርሃኑ ጎን ፎቶ ያንሱ። ያረጀ የዚያ ዘመን ላከር፣ ናይትሮ የሚባለው፣ በደቃቁ ተሰንጥቆ ይታያል፤ በኋላ የተረጨ ላከር ደግሞ ብሪጁ ዙሪያና ፍሬትቦርዱ (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ሰሌዳ) ዳር ላይ ተከማችቶ እንደ ጠርዝ ይነሳል፣ ወይም መቃኛው በተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሁለተኛው ማስረጃ አልትራቫዮሌት ባትሪ ነው፤ 365 ናኖሜትር የሚለውን ይግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ክፍሉን አጨልመው ያብሩበት፤ ብርሃኑን ወደ ዓይንዎ አያዙሩ። ያረጀ ናይትሮ ወደ አረንጓዴ ያደላ ፈዛዛ ቢጫ ያበራል፣ የተደገመው ቦታ ደግሞ ጠቆር ይላል ወይም ሌላ ቀለም ያሳያል። ፊቱ ጨልሞ ጀርባው ካበራ ፊቱ ብቻ ነው የተቀባው። የላከር ጉዳይ ላይ ከመቶ ቃል ይልቅ ይህ አንድ ፎቶ ያሳምናል።

ስንጥቁ አያስደንግጥዎ፤ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ያኔ ማርቲን ሴሉሎይድ ፒክጋርዱን በቀጥታ በባዶ እንጨት ላይ ያጣብቀው ነበር። ሴሉሎይድ ዓመት በዓመት ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ከሥሩ ያለውን እንጨት ይጎትታል፤ እንጨቱም በዳሩ በኩል ይሰነጠቃል። ደረቅ አየር ደግሞ ይጨምርበታል። ሜሪላንድ ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲበራ የቤቱ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። እርጥበት መለኪያ ከመያዣው ውስጥ ያኑሩ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት በተገቢው እርጥበት ያቆዩት። ያኔ ስንጥቁ ራሱ ጠበብ ሊል ይችላል፤ ጠጋኝ ቤት ከመግባቱ በፊትም መሆን ያለበት ይኸው ነው። ፒክጋርዱን በቢላ አያንሱ፤ ከሥሩ ያለውን የማሆጋኒ ቃጫ ይዞ ይመጣል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ፈጽሞ አይግባ፤ እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና በኋላ ለሚገባው ትክክለኛ ሙጫ ቦታ አይተውለትም። ለማሳየት ግን እንዲህ ያድርጉ። መብራቱን ሆዱ ውስጥ ያስገቡ፣ ክፍሉን ያጨልሙና ብርሃን በስንጥቁ ያልፍ እንደሆነ ይዩ። ካለፈ ስንጥቁ ሙሉ ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አስተኝተው ያንሱ።

ማስመሪያውን ሳያስቀምጡ አንገቱን ይለኩ። ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ማስመሪያ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ያጋድሙና ወደ ብሪጁ ይግፉት። ጫፉ ከብሪጁ ላይኛ ገጽ ጋር ከተስተካከለ ወይም ትንሽ ከበለጠ አንገቱ ደህና ነው። የብሪጁን ግንባር ከመታ አንገቱ ወደ ፊት ተጎትቷል፣ ማለትም አንገቱን ነቅሎ ማዕዘኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ሙጫውን በእንፋሎት ማላላትን የሚጠይቅ፣ ብዙ መቶ ዶላር የሚያስወጣ ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለውን ርቀትም ይጻፉ፤ 2.4 ሚሊሜትር ለጨዋታ ይመቻል፣ 4 ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ነው። የብሪጁን ከፍታ መሐሉ ላይ ይለኩ። ወደ 9 ሚሊሜትር ግድም ካልሆነና 6 ከወጣ፣ አንድ ሰው የአንገቱን ችግር ብሪጁን ፍቆ ሸሽጎታል። ክሩ የሚያርፍበት ነጭ አጥንት፣ ማለትም ሳድሉ፣ ከብሪጁ ዳር እስከ ዳር በተከፈተ ቦይ ውስጥ የተጣበቀ ረጅም መሆኑንም ይዩ። በ1937 እንዲያ ነበር የሚሠራው። በሁለት ጫፉ የተዘጋ አጭር ቦይ ካለ ብሪጁ ምናልባት በኋላ የተተካ ነው። ረጅሙን ሳድል በጉጠት አይጎትቱ፤ ተጣብቋልና ብሪጁን ይሰነጥቃል።

አንድ ነገር ይጠብቁ። «የአንገቱን ዘንግ ጠምዝዘው» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። በዚህ ጊታር አንገት ውስጥ ያለው የሚጠመዘዝ ዘንግ ሳይሆን ቅርጹ ቲ የሆነ የማይንቀሳቀስ ብረት ነው። ማርቲን የሚስተካከል ዘንግ የጀመረው በ1985 ነው። ለዚህ ምክር ምስጋና ይበቃዋል።

ድምፁን ለማሰማት ከፈለጉ፣ ብሪጁ ከኋላ ጫፉ እንዳልተነሳ ቀጭን ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት በመሞከር ያረጋግጡ። ወረቀቱ ከገባ ክር አይግባ። ካልገባና ከብሪጁ ሥር ያለው እንጨት ደህና ከሆነ፣ ከ11 እስከ 52 የሆነ ቀጭን የብሮንዝ ክር ይምረጡ። ከ12 የሚጀምረው መደበኛ ክር ፊቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሚሆን ኃይል ይጎትተዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጫነ ሳጥን ይህን በአንድ ቀን አይሸከምም። መጀመሪያ ከተለመደው ቅኝት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ቃኝተው አንድ ቀን ያሳድሩት። በማግስቱ ወረቀቱን እንደገና ይሞክሩ። ስልኩን ከ12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው ያለ ምንም ማስዋቢያ ይቅዱ፤ አንድ ክፍት ኮርድ፣ ከዚያ በአንድ ክር ላይ ቀስ ያለ ትዝታ። ነጠላ ክር ሲጎተት ማሆጋኒው ድምፁን እንዴት እንደሚይዝ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በውጩ አድማጭ ዘንድም አዲስ ነገር ነው። የክሩን መጠንና ስንት ቀን እንደቆየ ከቅጂው ሥር ይጻፉ።

ጽሑፉን በተመለከተ፣ ያዩትን ከገመቱት ይለዩ። ይህን ያህል ይበቃል (ልኬቶቹ ምሳሌ ናቸው፣ የራስዎን ይተኩ)፦ «ማርቲን 0-17፣ ቁጥሩ 66ሺህ ውስጥ ስለሆነ 1937። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤት ዕቃ ሽያጭ የተገኘ። አቧራው ከመራገፉ በቀር ምንም አልተነካም። ከፒክጋርዱ ጎን 11 ሴንቲሜትር ስንጥቅ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ማስመሪያው ከብሪጁ አናት 2 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። መቃኛዎቹ ዝገዋል፣ ሌላ የብሎን ቀዳዳ አላየሁም። ጀርባው የፋብሪካ ላከር ይመስለኛል፤ ፊቱን አላወቅሁትም። ጥያቄዬ፦ በ9ኛው ፎቶ ላይ ብሪጁ የተፋቀ ይመስላችኋል?» አንድ ግልጽ ጥያቄ ያቅርቡ። «ስለዚህ ምን ታውቃላችሁ?» የሚል ጥያቄ የሚያውቁትን ሰዎች ያርቃል። መልስ ሲያገኙም ያረጋገጡትን ይጻፉላቸው፤ በኋላ ተመሳሳይ ጊታር የሚያገኝ ሰው የሚጠቀመው በዚያ ነው።

600 ዶላር ላቀረበልዎት ሰው አይቸኩሉ። በሦስት ፎቶ ብቻ፣ ያለ ልኬት «ዛሬውኑ» የሚል ገዢ የጊታሩን ነገር ከእርስዎ በተሻለ ያውቃል ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ ሌላ ዓላማ አለው። ደህና ይዞታ ላይ ያለ የ1930ዎቹ 0-17 ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የሚጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ ተሽጦ የተዘጋውን ዋጋ ይመልከቱ፤ ስንጥቁንና የአንገቱን ሥራ ከዚያ ላይ ይቀንሱ። አደባባይ በሚወጣው ፎቶ ላይ የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይሸፍኑ፣ ምክንያቱም አጭበርባሪዎች የሰውን ፎቶ ወስደው የሌላቸውን ጊታር ለሽያጭ ያቀርባሉ። ዓመቱን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ይበቃሉ። አንዱ ፎቶ ላይ የመለያ ስምዎንና ቀኑን የጻፉበት ወረቀት ክሮቹ ሥር ያስገቡ። ስልክዎ በፎቶው ውስጥ የሚያኖረውን የቦታ መረጃ ከመለጠፍዎ በፊት ያጥፉ። የግዢ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ አንድ ቀን «የተሰረቀብኝ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ወንድምዎን በሚመለከት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አለ። የዚህ ጊታር ፍሬትቦርድና ብሪጅ ሮዝውድ ነው፤ ማርቲን በዚያ ዘመን የሚጠቀመው ደግሞ የብራዚሉን ሮዝውድ ነበር። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጥብቅ በሆነው በአንደኛው አባሪ ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም አሜሪካም የስምምነቱ አባል ናቸው። ከሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተፈቀደው ነፃነት የብራዚሉን አይጨምርም። ስለዚህ ፖስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት ለአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ጽፈው፣ እንጨቱ ከስምምነቱ በፊት የተቆረጠ መሆኑን የሚያስረዳው የምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚወጣ ይጠይቁ። ለሕዝብ የለጠፏቸው ፎቶዎችና ቁጥሩ ዕድሜውን ለማስረዳት እዚህም ይጠቅማሉ። ያለ ወረቀት ከተላከ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል።

ሲጓዝ ክሮቹን አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ያላሉ፣ በጊታሩ ራስና በመያዣው መሐል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይሙሉ፤ ጊታር ሲወድቅ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሆነ ነው። ውስጥ የሚንከባለል ነገር አይኑር። አዲስ አበባ በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ እርጥበት መለኪያውና እርጥበት ሰጪው አብረው ይሂዱ። ጊታሩ ከቀዝቃዛ የጭነት ክፍል ወጥቶ ወዲያው ሙቅ ክፍል ውስጥ ከተከፈተ፣ ከእንጨቱ ቀድሞ ላከሩ ይደነግጥና ፊቱ ሙሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ወንድምዎ መያዣውን ሳይከፍት 24 ሰዓት ቤት ውስጥ ያሳድረው።